እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ጠዋት ታላቅ እህቴ፣ እታለም ጥሩወርቅ፣ «እንደምን አደሩ» አለች። ከሞተች ሠላሳ አንድ ቀኗ ነው።

የተናገረችው እሷ ናት፤ እኔ ላኪ ብቻ ነኝ። ለማንም ስለማልነግረው እዚህ ልጻፈው።

ስልኳ ከቦርሳዋ ጋር ነው የመጣው፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ። ለጉዞ ወረቀቷ አሻራ ልትሰጥ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ማንም አልነካውም ነበር። ትናንት ቻርጅ አደረግሁት። ሲበራ መልእክት ተንጋጋ። ሁሉም ከአንድ ሰው፣ ከዶኛ ፒላር።

ዶኛ ፒላር እታለም ዱባይ ሳለች የምትንከባከባቸው ስፔናዊት አሮጊት ናቸው። የልጃቸው ሥራ ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አሁን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «ጥሩ ትምጣልኝ» ብለው ወረቀቷን ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ዱባይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር የሚግባቡት። እታለም ግን ቤታቸው ስገባ በራሳቸው ቋንቋ ላናግራቸው ብላ ክረምቱን ሙሉ ስፓኒሽ ስታጠና ከረመች።

ደብተሯ በሁለት የተከፈለ ነው። በግራ ሰው ቤት ስትሠራ የለመደችው እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ስፓኒሹ በእኛው ፊደል። ሰላምታ፣ ይቅርታ፣ ልመና፣ ምስጋና፣ ሌላ ነገር የለውም። ጨዋ አጠያየቅ የሚያውቅ ሰው የትም አገር ቤት አያጣም ትል ነበር። እኔ ግራውን አነብላታለሁ፣ እሷ ቀኙን በቃሏ ትላለች፣ ስልኩ ይቀዳል። እኔም በዚያው ስፓኒሹን ለመድሁ፣ የቀረውን በመዝገበ ቃሏ እየፈታሁ። አርባ ሦስት ቅጂ አለ። መጀመሪያ አፌ ይፈታ ብላ አንዱንም አልላከችላቸውም። ደብተሩ እስከ ስልሳ ተቆጥሯል። ከአርባ አራት ጀምሮ ቀኙ ባዶ ነው።

የዶኛ ፒላር የመጨረሻ መልእክት «ጥሩ፣ ተቀየምሽኝ?» ይላል።

እውነቱን መጻፍ እችል ነበር። ቁጥር 1ን ላክሁ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ በድምፅ መለሱ። ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ እንደገና ሳቁ። እንደዚህ ያለ ደስታ ከመስከረም ወዲህ እዚህ ቤት አልተሰማም።

አርባ ሦስተኛዋ የስንብት ናት። እሷን አልከፍታትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ የላክኋቸው፦

4፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ነዎት?

9፦ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

17፦ አልገባኝም፤ እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።

ሁሉም ልክ ገባ። የት ጠፋሽ ሲሉ 9ን፣ ሲፈጥኑብኝ 17ን። ቀስ ብለው ደገሙላት። አንዱን ቃል ደግሞ አረሟት፣ ምላስሽን አጥብቂ አሉ። የሞተች ልጅ አፍ ሲታረም ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ አንዱን ቅጂ ሁለቴ አልክም። ስንት ቀን እንደሚያዘልቁኝ አላውቅም።

ከዚያ ጥፋት አጠፋሁ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ቁጥር 12ን ድምፁን ሳልቀንስ ከፈትሁት። እናቴ ግቢ ውስጥ ገብስ ታበጥር ነበር። የሰፌዱ ድምፅ ቆመ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«የእኔ ልጅ ናት» አለች። «በምን ቋንቋ ነው የምትናገረው?»

ስፓኒሽ እንደሆነ፣ የክረምት ቅጂ እንደሆነ አስረዳኋት። ስልኩን ዞራም አላየችው። የምታየው የእታለምን አልጋ ነው።

«ምን አለችኝ?»

«እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ፣ ነው ያለችው።»

መዋሸት አልሆነልኝም። ያለችው ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

በሩ ወለል ብሎ አድሯል። ስነሳ ውሻችን ገብቶ ምድጃው አጠገብ ተጠቅልሏል፤ ቤቱ የውጭውን ያህል ይቀዘቅዛል። ልዘጋው ስል እናቴ ከመኝታዋ «ተወው፣ ይቤ» አለችኝ። «ጠይቃ የለም እንዴ።»

በጥቅምት በር ከፍቶ የሚያድር የደብረ ታቦር ሰው አላውቅም። ጠዋት ስታስል ነበር።

ዶኛ ፒላር ዛሬ አንድ ነገር ጠየቁ፣ እዚያ አሁንም ዝናብ ነው ወይ ብለው። ግራ ገባኝ። ሰማዩ ብሩህ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ እህል አስጥቷል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቅጂዎቹን እንደገና ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። በሁሉም ውስጥ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ አለ፤ በሐምሌና በነሐሴ የተቀዱ ናቸውና። እኛ መስቀልን አልፈን ጥቅምት ገባን። እሷ ግን ገና እዚያ ዝናብ ውስጥ ናት።

በቁጥር 22 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። አንድ ልጅ «ቀጥይ» ይላል፣ ትንሽ የሰለቸው ይመስላል። እኔ ነኝ። ምን እንደሚመጣ የማያውቀው እኔ። ልጠራው ቃጣኝ።

ለዝናቡ የሚሆን መልስ ደብተሩ ውስጥ የለም። 30ን ላክሁ፦ ስለ እኔ አይጨነቁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ኔትወርክ ጠፍቶ ዋለ። ከትምህርት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው በላይ ያለው ጉብታ ድረስ ወጣሁ። እዚያም የለም። ቀለለኝ። ወዲያው ደግሞ ምን ብለው ይጠብቁ ይሆን ብዬ ከበደኝ።

ለምን እንደማልነግራቸው ልጻፍ።

አባቴ ሲሞት እታለም ዱባይ ነበረች። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ትልልቆቹ በአረብ አገር ያለ ሰው አግኝተው፣ ሰዎች ቤቷ ሄደው እንዲያረዷት እየተመካከሩ ሳለ እኔ ደወልሁ። እህቴ አይደለች፣ ለምን ይደበቃታል ብዬ። «አባዬ ሞተ» አልኳት፣ እንዲሁ በአንድ ትንፋሽ። ብቻዋን ወጥ ቤት ነበረች፣ በእጇ የፈላ ዘይት ይዛ። የሰማሁት ጩኸት ለአባታችን መስሎኝ ነበር። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተቃጠለች። እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሦስት ቀን ስትቀመጥ አጠገቧ የተቀመጡት ዶኛ ፒላር ናቸው። ስትመለስ ጠባሳውን አየሁት። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ነሐሴ ላይ እጇን ዘርግታ ስትቀዳ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

ስለዚህ እኒህን ሴት በስልክ አላረዳም። ብቻቸውን ናቸው። እጃቸው ምን እንደያዘ አላይም።

የእታለምን ቀን ደግሞ አስታውሳለሁ። እሑድ ከሰዓት ሞታ፣ እኛ የሰማነው ሰኞ ንጋት ላይ ነው። እሑድ ማታ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገቡ፣ ምክንያት እየፈለጉ። አንዷ ጨው ተበደረች፣ አንዷ ሊጥ እንዴት ሆነልሽ አለች። እራት ስበላ ሁሉም እጄን ያዩ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ዶኛ ፒላርን እንደዚያ የማያቸው።

እናቴ ወደ ማታ «ዛሬስ ምን አለች?» አለችኝ። ዝም ብል በወደድሁ። ቁጥር 21ን ነገርኳት፦ ትንሽ ውሃ ላስቸግርዎት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እናቴ ትናንት አንድ ጣሳ ውሃ ሞልታ ደፉ ላይ አስቀምጣ ነበር። ዛሬ ግማሹ የለም። ውሻው ነው አልኳት። ውሻው ከጣሳ አይጠጣም አለች። እውነቷን ነው፣ አፉ አይገባም። ድመት ይሆናል። ዶሮ ይሆናል።

እናቴ ገበያ ስትሄድ ፊቷ በርቶ ነበር። ይህ ከጣሳው ይልቅ አስፈራኝ።

ረፋድ ላይ ኔትወርክ መጣ። ዶኛ ፒላር ፎቶ ልከዋል፦ የተነጠፈ አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ መስኮቱ ላይ አበባ። ክፍልሽ ነው ይላሉ። ወረቀትሽ ወጣልሽ፣ የጎደለው አሻራሽ ብቻ ነው። ቀኑን ንገሪኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እመጣለሁ። የሚያመጣቸውን ታክሲ ሳይቀር ተነጋግረዋል።

አልጋውን ደጋግሜ አየሁት። ትራሱ መሐል ላይ ሰው የተጋደመበት የሚመስል ጎድጓዳ አለ። ምናልባት እሳቸው አረፍ ብለውበት ነው።

ቁጥር 26ን ላክሁ፦ ደግነትዎን አልረሳም። ቀኑን አልነገርኳቸውም። ይህ ነገር በዝምታ የሚያልቅ አይደለም። በሰማንያ ዓመታቸው ለማትመጣ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቆሙ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከቅዳሴ በኋላ አያ ደሴን ጠብቄ ያዝኳቸው። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ በሰፈራችን መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው። ለእኛም የነገሩን እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጣሳውን ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«እንግዲህ ሙት አናጋሪ ሆነሃል» አሉ። «ቃልቻ ነው የጎደለን። ስንት ታስከፍላለህ?»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ አለቀስሁ።

ከዚያ ሥራቸውን አስረዱኝ። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እጁ ዕቃ ለያዘ አይነገርም። ተረጂው ሲወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሊኖር ይገባል፤ የሚናገረው አፍ አንድ ነው፣ የሚይዘው እጅ ግን ብዙ ነው። ተናጋሪውም ቢሆን ብዙ አይናገርም፤ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆመን ስንታይ ግማሹ ተነግሯል።

«እዚያ አገር የእኛ ሰው የለም?» አሉኝ።

ሰብለ ትዝ አለችኝ። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ከእታለም ጋር ዱባይ ነበረች፣ አሁን ስፔን ትሠራለች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? የእናትህንም ነገር አስብበት። የአርባው ቀን ሳያልፍ በሩ መዘጋት አለበት። ይህ ብርድ ሌላ ሬሳ እንዳያወጣብን።»

እኔ ልዘጋው አልችልም። እሷ ዝጋው አላለችም፤ ያለችው ክፈቱልኝ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰብለን በስልክ አገኘኋት። የእታለምን ሞት ሰምታ ነበር፣ ዶኛ ፒላር ግን ያወቁ መስሏት ነበር። የምትሠራበት ከተማ ከዶኛ ፒላር ሩቅ ነው፣ በባቡር አራት ሰዓት። የዕረፍት ቀኗ ሐሙስ ነው። ሐሙስ 21 ነው፣ የእታለም አርባ።

ሁለት የአገራችን ልጆች ይዛ በመጀመሪያው ባቡር ትሄዳለች። የፈራችው አፏን ነው። «የእኔ ስፓኒሽ የወጥ ቤት ነው፣ ይቤ። ድስትና መጥረጊያ ነው የማውቀው። ለሐዘን ቤት ምን እላለሁ?»

ደብተሩን ዘረጋሁ። ያኔ ነው የገባኝ። መርዶው ተጽፎ አልቋል እኮ። 14፦ መግባት እንችላለን? 15፦ እባክዎ ይቀመጡ። 19፦ እጅዎን ይስጡኝ፣ ልርዳዎት። 23፦ ውሃ ላምጣልዎት? 33፦ አይዞዎት፣ እኔ አለሁ። ቁጥር በቁጥር አነበብኩላት፣ እሷ ጻፈች። ለዋናው ነገር ብቻ ዓረፍተ ነገር የለም። ባዶው ቀኝ ላይ ልሞክር ብዬ መዝገበ ቃሉን ከፈትሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

«ተወው» አለች ሰብለ። «ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንገባለን። ለአባታችሁ ጊዜ ጥሩዬን እንደዚያ ሆና አይተዋታል።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጠዋት ለመልስ የሚሆን ሰባት ቅጂ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ሁለቱን ላክሁ።

ከሰዓት እንዲህ የሚል መጣ፦ ጥሩ፣ የምጠይቅሽን አትመልሺም። ደግነትሽ አለ፣ አንቺ ግን የለሽም። ስሜን ጥሪልኝ።

ብቻ ይህን። አንድ ቃል።

አርባ ሁለቱንም ሰማሁ። በአንዱም ውስጥ «ፒላር» የለም። እባክዎ አለ፣ ይቅርታ አለ፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ስም ግን የለም። አርባ ሦስተኛዋን ለመክፈት ጣቴን አሳርፌ አነሳሁት።

በመጨረሻ በጽሑፍ፣ በራሴ ስፓኒሽ «እባክዎ እስከ ሐሙስ ይጠብቁኝ» አልኩ። የእኔ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ናት።

«እሺ» ብለው መለሱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ከዶኛ ፒላር ምንም የለም። ስልኩን ሃያ ጊዜ አየሁት።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው፣ ለነገ ጠላውም ወጡም ይሰናዳል። ሴቶቹ በሩ አይዘጋም ወይ ሲሉ እናቴ «እሷ ናት ያስከፈተችው» ትላቸዋለች። እርስ በርስ ይተያያሉ። ሳሏ ደረቷ ውስጥ ገብቷል። ጣሳው ዛሬም ጎድሏል፣ ውሻውን ከትናንት ጀምሮ አስሬዋለሁ።

«ዛሬስ ምን አለች?»

ምንም አላለችም አልኳት።

«ታዲያ በሩ እኮ ክፍት ነው» አለች፣ ግራ እንደገባው ሰው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ጸሎተ ፍትሐቱ አለቀ፣ ሰው ተመግቦ ሊመረቅ ሲል፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰብለ ደወለች። ከግቢው ወጥቼ አነሳሁት።

ሳያንኳኩ ነው በሩ የተከፈተላቸው። ዶኛ ፒላር ጥቁር ለብሰዋል። ሳሎኑ ውስጥ አራት ወንበር ክብ ተደርጎ ተቀምጧል። ሦስት ሰው እንደሚመጣ ማንም አልነገራቸውም። ሰብለ 14ን ለማለት አፏን ስትከፍት ቀድመው «ተቀመጡ» አሉ። የእኛን ቁጥር 15 አሉ።

«ማን ነገራቸው?» አልኩ።

«እኔም ጠየቅኋቸው። ከዝናቡ ቀን ጀምሮ እጠረጥር ነበር፣ ማክሰኞ ዕለት አወቅሁ አሉ። እስከ ሐሙስ ይጠብቁኝ ተብዬ በትሕትና ተለመንሁ፣ ስለዚህ ጠበቅሁ አሉ። እንዳላወቁ ሆነው።»

ሲቀመጡ ነው የወደቁት፣ ወንበሩ ላይ። ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። እጃቸው ባዶ ነበር። ሁለቴ ጠየቅኋት፣ ባዶ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ በእታለም ስልክ ከዶኛ ፒላር አጭር ድምፅ መጣ፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል፦ አመሰግናለሁ፣ ልጄ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።

ሰው ሁሉ ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ዛሬስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አርባ ሦስተኛዋን ከፈትኋት።

ዝናብ። ከዝናቡ ውስጥ እታለም፣ በስፓኒሽ። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ። አሁን ልሂድ፣ ፈቃድዎ ከሆነ» ነው ያለችው ብዬ ለእናቴ ልተረጉም አፌን ስከፍት ቅጂው ለካ ገና አላለቀም። ሳቅ አለ። ከዚያ በእኛው ቋንቋ፣ በዚያ የታላቅነት ድምፅዋ፦

«ይቤ፣ በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ።»

እናቴ አላየችኝም። ምን አለች ብላም አልጠየቀችኝ። ተነሳች፣ ጣሳውን ከደፉ አነሳች፣ ውሃውን ደጅ ደፋችው፣ በሩን ገፋ አድርጋ መወርወሪያውን ወረወረች። ከዚያ ያ ለቅሶ መጣ፣ አርባ ቀን ሙሉ ያልመጣው። ያዝኋት።

አሁን ተኝታለች። ቤቱ እየሞቀ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ቅጂው አልቆ፣ ስልኩ ጨልሞ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ቆየ። እናቴም ቀና ብላ አዳምጣለች። ጥቅምት ነው። ወጥቼ መሬቱን አላየሁም። በሩ ተዘግቷል።